ከላም አፍ የሚበላው እንግዳ

እንግዳው ላሜን ገደላት ብለው የሚያወሩ አሉ። ውሸት ነው። ላሜን የገደላት ሚርዛካን ነው፤ የሟቹ ባሌ ታናሽ ወንድም፣ የመንደራችን ሹም። ይህን ፊት ለፊቱ ነግሬዋለሁ፣ ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡበት ተናግሬዋለሁ፣ ገበያ መሐል ቆሜም ተናግሬዋለሁ። አሁንም እናገራለሁ። ደስ ያላለው ጆሮውን ይድፈን።

እንግዳው የመጣው ከብቶቹን ከጃይሎ፣ ከተራራው ግጦሽ፣ ባወረድን ሰሞን ነው። ከተራራው ጫፍ ላይ ብርሃን ታየ፤ ውሾቹ ሲያላዝኑ አደሩ። በማግስቱ ረፋድ ላይ በረቴ ስገባ ከላሞቼ መሐል ተኝቶ አገኘሁት። የዓመት ጥጃ ያህላል። ቆዳው ዝናብ የመታው ድንጋይ ይመስላል። እግር አለው፣ ግን ይሳባል እንጂ አይራመድም። ዓይኑ የት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አፍም የለውም፤ አፍ መሆን በነበረበት ቦታ የልጅ ክንድ የሚያክል ለስላሳ ኩምቢ አለው።

ሹማምንት ከከተማ በመኪና መጡ። አፍንጫቸውን ይዘው ዞረው አዩት። «እንዲህ ያሉት በሌላም አገር ወርደዋል፤ አትንኩት፣ ከወረደበትም አታንቀሳቅሱት» አሉ። ከዚያ ጠቦት ታርዶላቸው በልተው ሄዱ። ጠቦቱ የእኔ ነበር።

እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ሲከርም ጨርቅ ይባላል። የእኔው ግን ከጨርቅ ነው የጀመረው። እኩለ ቀን ላይ ላሞቹ ጋደም ብለው ማመስኳት ሲጀምሩ፣ ይሄ ፍጥረት እየተሳበ ይጠጋና ኩምቢውን ከላሟ ከንፈር ላይ ያደርጋል። ላሟም ከሆዷ የመለሰችውን፣ አንዴ የዋጠችውን ሣር፣ ለጥጃዋ ጡት እንደምትሰጥ ሁሉ ዓይኗን ጨፍና ትሰጠዋለች። መጀመሪያ ያየሁ ቀን መንሹን አነሣሁ። ከላም ጉሮሮ የሚዘርፍ ሌባ! እጀታውን ጀርባው ላይ አሳረፍኩበት። አልሸሸም፣ አልጮኸም፤ ቡሬዋ ግን ቀንዷን አዙራ እኔን ልትወጋኝ መጣች። ቡሬዋ፣ ከጥጃነቷ ጀምሮ በእጄ ያሳደግኳት! ተናድጄ መንሹን ወርውሬ ወጣሁ።

በኋላ ግን ተቀምጬ ማየት ጀመርኩ። ሲበላ የጎኑ ቆዳ ሳስቶ እንደ ታጠበ አንጀት ያሳያል፤ ሣሩ ውስጡ እንደሚናጥ ወተት ሲዞር ታያለህ። ወደ ማታ፣ ላሞቹን ልናልብ ስንል፣ ያንን የዞረውን ሣር በዚያው ኩምቢ መልሶ ለሌላዋ ላም ያጎርሳታል። የነጣ ገንፎ ነው፤ የቦካ ሊጥ ይሸታል። ከዳለቻዋ የወሰደውን ለጥቁሯ፣ ከጥቁሯ የወሰደውን ለቡሬዋ። ላሞቹ ተራ ይጠብቃሉ፤ የዘገየባት ታጉረመርማለች። ታዲያ እሱ ምን በላ? ይሄንን ለማወቅ ክረምቱን ጨረስኩ። በላይኛው ግጦሽ ከብት የሚያሰክር አረም አለ፤ ከድርቆሹም ጋር ታጭዶ ይገባል። ድሮ በየዓመቱ አንዷ ላም እየተንገዳገደች ትወድቅብኝ ነበር። እሱ ከመጣ በኋላ አንዷም አልሰከረችም። እንግዳው ለራሱ የሚያስቀረው ምሬቱን ነው። ጣፋጩን ለላሞቹ መልሶ፣ በመርዙ ይኖራል።

እበት የለውም። መውጫም የለውም። የማይፈጭ ነገር ሲያጋጥመው አጠባብቆ፣ አድቦልቡሎ፣ እንደ ድንጋይ አጠንክሮ በኩምቢው ይተፋዋል። አንዱን ሰባብሬ አየሁት፦ የድርቆሽ ማሰሪያ ሲባጎ፣ የፕላስቲክ ከረጢት ቁራጭ፣ የዛገ ሚስማር። ይሄ ሁሉ በላሞቼ ሆድ ውስጥ ነበር!

ወተቱ ወፈረ። ክሬሙ ማንኪያ ያቆማል። የሚርዛካን ሚስት ባትማ መጣች፣ ጣቷን ነክራ ላሰች።

«ኤጄ፣ ይሄ ወተት ነው ቅቤ?» አለችኝ። ኤጄ ትለኛለች፣ እንደ ታላቅ እህቷ።

«ወተት ነው። ውሰጂ ለልጆቹ።»

ወሰደች። ባትማ ክፋት አታውቅም፤ ግን ወተቱን ሚርዛካንም ጠጣው። ነገሩ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀደም ብሎ ገብቶኛል፤ ለሚርዛካንም ነግሬዋለሁ፣ አልነገረችኝም እንዳይል። ላሞቹ ሆዳቸውን ለእንግዳው አስረክበው ነበር። ድሮ ግማሽ ቀን ያመሰኩ የነበሩት አሁን ጥቂት አላምጠው ለእሱ ይሰጡና ይተኛሉ። ጨጓራቸው ሥራ ፈታ። ላሞቹና እንግዳው አንድ ሆድ ሆኑ ማለት ነው። አንድ ሆድ ደግሞ ለሁለት አይከፈልም።

ሚርዛካን የመጣው በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ የፈረስ ግልቢያው በዓል ሲቃረብ ነው። ነጭ ባርኔጣውን አድርጎ በረቴ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ጄንጌ፣ እንደምን አደሩ? እንግዳዎ ደህና ነው?»

በእኛ ዘንድ የታላቅ ወንድም ሚስት ጄንጌ ተብላ ትከበራለች። ዋርሳዬ ግን አንድ ነገር ሲፈልግ ብቻ ነው «እርስዎ» የሚለኝ። በሌላው ቀን አያየኝም።

«ደህና ነው። አንተስ ምን ጎደለህ?»

«እኔማ ምን ይጎድለኛል። ሰዉ ነው እንጂ የሚያጉረመርመው። ከሰማይ የወረደ በረከት እንዴት በአንዲት ባልቴት በረት ይታጎራል ይላል።»

«የትኛው ሰው? ስም የለውም?»

«ሰው ነዋ፣ ጄንጌ! ሕዝቡ!»

«ሕዝቡማ ትናንት እዚሁ ቁጭ ብሎ ክሬሜን በዳቦ ሲጠርግ ነበር። ትንፍሽ አላለም።»

ሳቀ። የሚርዛካን ሳቅ ጥርስ ብቻ ነው። «እሺ፣ እውነቱን ልንገርዎ። እስከ በዓሉ እኔ ዘንድ ይቆይ። ከፈረሶቼ ጋር ላስረው ነው። ላሞችዎን እንዲህ ያወፈረ፣ የእኔን ድንጉላ ምን ሊያደርገው እንደሚችል አስበውታል? ዘንድሮ ማንም አይቀድመኝም።»

መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። «ሚርዛካን፣ ፈረስ ያመሰኳል?»

«አያመሰኳም።»

«ታዲያ ከፈረስ አፍ ምን ሊቀበል ነው?»

«ፈረስ ከላም ይከብራል፣ ጄንጌ። ለላም የሆነ ለፈረስ እንዴት ሳይሆን ይቀራል?»

«ክብር ሆድ ውስጥ አይገባም! ፈጣሪ የላምን ሆድ ለብቻ፣ የፈረስን ሆድ ለብቻ ነው የሠራው። ደግሞ እሱን ከወሰድክ ላሞቼ ይነፋሉ። ሹማምንቱም አታንቀሳቅሱት ብለዋል።»

«እዚህ መንደር ሹሙ እኔ ነኝ» አለና ጭቃውን በዱላው እየነካካ ሄደ።

ወንዝ ወርጄ የበግ ጠጉር ሳጥብ በዋልኩበት ቀን መጣና ወሰደው። ጎረምሶች ይዞ፣ በስጋጃ ጠቅልሎ፣ በጋሪ ጭኖ። ጎረቤቶቼ ሁሉ አይተዋል። አንዱም ወንዝ ድረስ ልጅ አልላከብኝም። ስመለስ ላሞቹ በባዶው ቦታ ዙሪያ ቆመው ይጮኻሉ፤ እንደ ጠፋ ጥጃ ነው የሚጣሩት።

መጀመሪያ በወጉ ሄድኩ። ማንም በወጉ አልሄደችም እንዲል አልፈለግኩም። ከሽማግሌዎቹ ታላቅ ወደሆኑት ወደ ጁማጋዚ ቤት ሄጄ አቤት አልኩ። ሽማግሌው ጢማቸውን አሻሹ።

«ልጄ፣ የቤተ ዘመድ ነገር ነው። ሊሰርቅሽ አይደለም፣ እስከ በዓሉ ነው ያለው። ታገሺ።»

«እኔ እታገሣለሁ አታ። የላም ሆድ ግን ይታገሣል?» አታ እላቸዋለሁ፣ አባት ለማለት ነው።

«ሴት ስትቸኩል…»

«አታ፣ የሚርዛካን በግ ቅባት ገና ጢምዎ ላይ አለ» አልኳቸው። ተነሥቼ ወጣሁ። ከኋላዬ «ባለጌ!» የሚል ሰማሁ። ይበሉ።

ላሞቹ በሉ፤ የበሉት ግን አልወርድ አለ። ሣሩ እንደ ገባ ሆዳቸው ውስጥ ቁጭ አለ። የግራ ጎናቸው እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ ስትመታው ድም ይላል። ዘይት አጠጣኋቸው። ዳገት ለዳገት ነዳኋቸው። ሆዳቸውን በጡጫዬ እስኪደክመኝ አሸሁ። ዳለቻዋ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፤ ጥቁሯ ጥርሷን ታፋጫለች። ማመስኳት ይሞክራሉ፤ አንገታቸውን ይዘረጋሉ፤ ምንም አይመጣም። ሥራውን ረስተውታል።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ባትማ መጣች። ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች።

«ኤጄ፣ እንግዳው ራሱን እየበላ ነው።»

«ምን ማለት ነው ራሱን?»

«ወደ ፈረሶቹ እየተሳበ ኩምቢውን አንድ በአንድ አስጠጋላቸው። ድንጉላው ረገጠው። ሰው ሊያየው እየመጣ ዳቦ ይወረውርለታል፣ ከረሜላ፣ የተቀቀለ ሥጋ። እሱ እያድቦለቦለ ይተፋዋል። ከዚያ ትናንት ሆዱን አወጣው። እንደ ካልሲ ገልብጦ በኩምቢው አወጣውና ጀርባው ላይ አለበሰው። ቆዳው ከሥሩ እንደ ሰም እየቀለጠ ነው። ባሌን ነገርኩት፤ ‹አዲስ ቆዳ እያበቀለ ነው› ይላል!»

ያኔ አንድ ነገር ከእግሬ ተነሥቶ ወደ ራሴ ወጣ። ገመዴን አነሣሁ፣ ሦስቱን ላሞች አሰርኩ፣ በመንደሩ መሐል ነዳኋቸው። ፀሐይ ነው፣ በዓል ነው፣ ሰው ሁሉ አዲስ ልብሱን ለብሶ ደጅ ወጥቷል። ላሞቼ ተነፍተው፣ እግራቸውን አንፈራጥጠው፣ እያቃሰቱ ያልፋሉ። ማንም «ምን ሆንሽ» አላለኝም። ሁሉም ያውቅ ነበራ!

ድልድዩ ላይ ስንደርስ ጥቁሯ ተንበረከከች፣ በጎኗ ወደቀች። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። ጎንበስ ብዬ ገመዷን ስፈታ ከኋላዬ ሩጫ ሰማሁ። ለእርዳታ መስሎኝ ዞርኩ። ቢላ ይዘው ነው።

«ሳትሞት ትታረድ! ሥጋዋ እንዳይባክን!»

«ጄንጌ፣ ዞር በይ፣ ነፍሷ ሳትወጣ!»

በሕይወት ሳለች አንድ ሰው ያልሮጠላት ላም፣ ለሥጋዋ መንደሩ ሁሉ ሮጠላት። «ብሉ!» አልኳቸው። «ሆዳችሁ ይሙላ! ከእኔ ላም ሆድ ያልወረደ ሣር በእናንተም ሆድ አይውረድ!» እርግማን ነው፤ ረገምኩ፤ አልመለስኩትም። ሁለቱን ይዤ ሄድኩ።

የሚርዛካን ግቢ በእንግዶች ተሞልቷል። ጠረጴዛው ላይ ሥጋው ተከምሯል፣ የባዝራ ወተት በሳሕን ይዞራል። አጥሩን በቡጢዬ ስደበድብ እሱ ራሱ ወጣ፤ አለንጋው ክንዱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ጄንጌ፣ እባክዎ፣ እንግዶች አሉኝ።»

«እኔም እንግዳዬን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ከግልቢያው በኋላ…»

«ጥቁሯ ድልድዩ ላይ ወድቃለች። አሁን እያረዷት ነው።»

ጥቂት ደነገጠ። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞር ብሎ አየና ፈገግ አለ። «አዝናለሁ። ላም ትሞታለች፣ ትተካለች። አሁን ሰው ፊት አያዋርዱኝ።»

ከዚያ በኋላ አልሰማሁትም። ዳለቻዋን ከኋላዋ ገፋኋት። የተነፋችን ላም በር አይበግራትም፤ መዝጊያው ተገነጠለ፣ ሚርዛካን ወደ ጎን ዘለለ፣ ገባን።

እንግዳው ከፋንድያ ክምሩ ጎን ተጥሏል። ሆዱ ከውጭ ነው፤ ቀይ፣ እርጥብ፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር፣ እንደ ብርድ ልብስ ጀርባውን ሸፍኖታል። በጠርዙ በኩል ቆዳው ተበልቶ ሥጋው ይታያል። ዙሪያውን እንደ ድንጋይ የደረቁ ድብልብሎች፤ በአንዱ ውስጥ የከረሜላ ወረቀት ያብለጨልጫል። ዝንብ ወሮታል። ፈረሶቹ ጥግ ላይ ተሰብስበው ያኮርፋሉ።

ላሞቼ ሲያዩት ጮኹ። ቡሬዋ ሄዳ አፏን አቀረበችለት። ኩምቢው እየተንቀጠቀጠ ተነሣ፣ ከንፈሯን ዳሰሰ። አንገቷን ዘረጋች፣ ሆዷን ጨመቀች። ምንም። እንደገና ሞከረች። ምንም። እሱ እንዲሰጣት መጀመሪያ ልትሰጠው ይገባል፤ እሷ እንድትሰጠው ደግሞ መጀመሪያ ሊሰጣት። ሁለቱም ባዶ። ኩምቢው ተመልሶ መሬት ላይ ወደቀ።

«ይኸው!» አለ ሚርዛካን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለእንግዶቹ። «ላሞቹም ዘንድ አልሆነለትም! እኔን ወንጀለኛ ታደርጊኛለሽ?» አሁን «እርስዎ» የለም። «ላሞችሽን አውጪ!» አለና አለንጋውን አነሣ። ቡሬዋን ሊመታ ነበር፤ ቡሬዋ ፈቀቅ ስትል አለንጋው እንግዳው ላይ፣ ያ የተገለበጠው ሆዱ ላይ አረፈ።

ያኔ ነው ድምፁን የሰማሁት። እኔ በመንሽ ስመታው ዝም ያለው፣ ያን ቀን ጮኸ። የጥጃ ድምፅ ነው። ከላሞቼ የተማረው ይሆናል።

አለንጋውን ከእጁ ነጥቄ በፊቱ ላይ አሳረፍኩበት። ከግንባሩ እስከ አገጩ። ባርኔጣው ፋንድያው ላይ ወደቀ። የባዝራ ወተት የሚቀዳው ሰው እጁ በአየር ላይ ቀረ። ሁለተኛ ልደግመው ክንዴን አነሣሁ።

«ኤጄ፣ ቆይ።»

ባትማ ናት። ከቤቱ ጀርባ ቀይዋን ላሟን እየሳበች መጣች፤ በእንግዶቹ መሐል፣ በጠረጴዛው ጎን፣ ጭቃ ኮቴዋን በስጋጃው ላይ እያስረገጠች። ያቺ ላም እንግዳው አጠገብ ደርሳ አታውቅም፤ ሚርዛካን እንግዳውን ለፈረሶቹ ብቻ ነበር የሚፈልገው። ስለዚህ ሆዷ የራሷ ነው። እየሄደች ታመሰኳለች።

«የት ነው የምትወስጃት?» አለ ሚርዛካን፣ ፊቱን ይዞ። «ላሜ ናት!»

«የማልባት እኔ ነኝ» አለች ባትማ። «አልበህ ታውቃለህ? ከጡቶቿ የትኛው ጠንካራ እንደሆነ ንገረኝና ልመልሳት።»

ከእንግዶቹ አንዱ ሳቀ።

ቀይዋን ከእንግዳው ጎን አቆምናት። ሸተተችው፣ ወደ ኋላ አለች። ባትማ ጆሮዋን እያሻሸች አባበለቻት። ኩምቢውን እኔ በእጄ አነሣሁት፤ ቀዝቅዞ ነበር። ወደ ላሟ ከንፈር አስጠጋሁት። በቀይዋ አንገት ጉብ ያለ ነገር ወደ ላይ ሲወጣ አየሁ፤ አላመጠች፤ ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዓይኗን ጨፍና ሰጠችው።

ሆዱ ቶሎ አልገባም። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ፈጀ። ላሟ ትሰጣለች፣ ሆዱ ጥቂት ወደ ውስጥ ይሳባል፤ እንደገና ትሰጣለች፣ እንደገና ይሳባል። የተላጠ ጀርባው እየታየ ሲመጣ ባትማ ፊቷን አዞረች። ግልቢያው ቀረ። ሥጋው ላይ ስቡ ነጥቶ ረጋ። እንግዶቹ አንድ በአንድ ወጡ።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል እንግዳው ኩምቢውን ወደ ዳለቻዋ አዞረ። አጎረሳት። ከዚያ ቡሬዋን። ብዙ ጠበቅን። ቡሬዋ አንገቷን ዘረጋችና አገሳች፤ የክረምት ድርቆሽ ሁሉ የሚሸት ረጅም ግሳት። ፊቴ ላይ ነው ያገሳችው። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከደስታ አይደለም፤ ጥቁሯ በዚያ ሰዓት በየቤቱ ድስት ውስጥ ነበረች።

እንግዳውን በሚርዛካን የእንግዳ ስጋጃ ጠቅልለን፣ አንዱን ጫፍ እኔ፣ አንዱን ጫፍ ባትማ ይዘን፣ ወደ ቤቴ ጎተትነው።

ሽማግሌዎቹ በኋላ ፈረዱ። ሴት ሹምን፣ ያውም ዋርሳዋን፣ ሰው ፊት በአለንጋ መታች፤ ስለዚህ በግ ይዛ ትሂድና ይቅርታ ትጠይቅ። ጁማጋዚ ራሳቸው መጥተው ነገሩኝ።

«መጀመሪያ ጥቁሯን ይመልስልኝ» አልኳቸው። «እሷ በእግሯ ተራምዳ በረቴ ስትገባ፣ በጉን እኔ ነድቼ እወስድለታለሁ።»

«ልጄ፣ የሞተ አይመለስም።»

«የተመታ ፊትም አይመለስም፣ አታ።»

ሚርዛካን የበግ ታፋ ላከልኝ፤ የክብር ብልት ነው፣ ዕርቅ ማለት ነው። ያመጣው ሰው ደጃፌ ላይ እያለ ለውሻዬ ወረወርኩት። ባትማን ቀይዋን እንዳታመጣ ከለከላት፤ እሷም ወተት ማለቡን፣ እርጎ ማርጋቱን ተወችለት፤ ሳምንት ሳይሞላ ፈቀደ። አሁን በየቀኑ ታመጣታለች። ላሞቼን ደግሞ እንደገና ማመስኳት እያስተማርናቸው ነው፤ ከቀይዋ አፍ ጥቂት እየወሰድን እናጎርሳቸዋለን፤ ሌላ ሰው መጥቶ እንግዳውን ቢነጥቀኝ እንኳ እንዳይነፉ።

የእንግዳው ጀርባ አልዳነም። የተበላው ቆዳ አልበቀለም። በእርጥብ ስጋጃ እሸፍነዋለሁ፣ ቅቤ እቀባዋለሁ። ሰዎች «እስከ መቼ ትናደጃለሽ፣ ሚርዛካንም ተጸጽቷል» ይሉኛል። ይጸጸት። ጸጸት ቆዳ አይሆንም። የጥቁሯን ሥጋ የበሉትም ናቸው እንዲህ የሚሉኝ፤ አንዳንዶቹ ያን ሰሞን ሆዳቸውን ነፍቷቸው ነበር ሲባል ሰምቻለሁ፤ አላዘንኩም።

ትናንት እኩለ ቀን ላይ ቅቤ ስቀባው ሚርዛካን ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ። የአለንጋው ሰንበር አሁንም ግንባሩ ላይ አለ።

«ይድናል?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

«ሂድና ፈረስህን ጠይቀው።»

ቆሞ ቀረ። እኔም ጀርባዬን ሰጥቼው መቀባቴን ቀጠልኩ። ቀይዋ ጋደም ብላ ማመስኳት ጀምራለች፤ እንግዳው ኩምቢውን እያነሣ ነው፤ እጄ በቅቤ ተለውሷል፣ ንዴቴም አልበረደም።